ማየትና መለወጥ፦ የራውተርና የስዊች የትእዛዝ ሞዶች

የኔትወርክ ትምህርት የጀመረ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ይገጥመዋል። ትእዛዙን ከመጽሐፉ ላይ አንድም ፊደል ሳያጎድል ገልብጦ ይጽፋል፣ «ኢንተር»ን ይጫናል፤ የሲስኮው ራውተር ግን አልቀበልም ይላል። ከጻፈው መስመር ሥር ትንሽ የ«^» ምልክት አስቀምጦ ስህተቱ እዚህ ጋ ነው ብሎ ያሳየዋል። ተማሪው ፊደሎቹን አንድ በአንድ ያመሳክራል፤ የጎደለም የተረፈም የለም። ትእዛዙ ትክክል ነው። የተጻፈው ግን በማይሠራበት ቦታ ነው።

ራውተርና ስዊች የአንድን ባንክ፣ የአንድን ሆስፒታል፣ የአንድን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተሮች እርስ በርስም ከውጭው ዓለምም ጋር የሚያገናኙ መሣሪያዎች ናቸው። ባለሙያዎች በአመዛኙ የሚያዝዟቸው በጽሑፍ ነው፤ አንድ መስመር ይጻፋል፣ መሣሪያው ይፈጽማል። ትእዛዞቹ ግን «ሞድ» በሚባሉ ደረጃዎች ተከፋፍለዋል። ከአንዱ ሞድ ወደ ሌላው ለመሻገር ራሱን የቻለ ትእዛዝ፣ አንዳንዴም የይለፍ ቃል ያስፈልጋል። የክፍፍሉ ዋና ዓላማ ማየትን ከመለወጥ መለየት ነው። ይህ ምዕራፍ በሁለቱ መካከል ያለውን መስመር ይከተላል፤ የት እንደተሰመረ፣ ማን እንደሚሻገረው፣ ሳያስተውሉ ሲሻገሩትም ምን እንደሚደርስ።

ሁለቱ ምልክቶች

ሲስኮ እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ በነበሩት በሊዮናርድ ቦዛክና በሳንዲ ለርነር ነው። ያን ጊዜ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ከሚሠራባቸው ሥርዓቶች አንዱ የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ትላልቅ ኮምፒዩተሮች የሚሠሩበት «ቶፕስ-20» ነበር። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ተጠቃሚው የጥያቄ ምልክት ሲጫን ኮምፒዩተሩ ቀጥሎ ሊጻፉ የሚችሉትን ቃላት ይዘረዝርለታል። ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ ደግሞ «ኢኔብል» ብሎ ሲጽፍ በመስመሩ መነሻ ላይ ያለው ምልክት ይለወጥና ከፍ ያለውን ሥልጣኑን መጠቀም ይጀምራል። ሁለቱም ልማዶች በሲስኮ መሣሪያዎች ላይ ዛሬም አሉ።

ባለሙያው ላፕቶፑን በኮንሶል ኬብል ከመሣሪያው ጋር ያገናኛል። ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋና ሰማያዊ የሆነ ገመድ ነው፤ የተለመደው ፍጥነቱም በሰከንድ 9600 ቢት ነው። «ኢንተር» ሲጫን በስክሪኑ ላይ «ራውተር>» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ይህ መስመር ፕሮምፕት ይባላል። በስተመጨረሻው ያለችው የ«>» ምልክት ባለሙያው በዩዘር ሞድ ላይ መሆኑን ትናገራለች።

በአገራችን ቤት እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል፣ ቡና ይቀርብለታል፣ ይጫወታል፤ ጓዳ ግን አይገባም። ዩዘር ሞድ ሳሎኑ ነው። እዚህ ያለ ሰው የመሣሪያውን ሞዴልና የሶፍትዌር ስሪት ማየት ይችላል፤ የትኛው ፖርት እንደሚሠራ፣ የትኛው እንደተዘጋ መመልከት ይችላል፤ «ፒንግ» ልኮ የሩቁ ኮምፒዩተር መልስ መስጠት አለመስጠቱን መፈተን ይችላል። የመሣሪያውን ሙሉ ኮንፊገሬሽን፣ ማለትም አሠራሩን የሚወስኑትን ቅንብሮች፣ ግን ማንበብ አይችልም። በውስጡ የይለፍ ቃሎች፣ የኔትወርኩ አደረጃጀትና የጥበቃ ሕጎች ተጽፈዋልና። መሣሪያውን አጥፍቶ ማስነሳትም አይፈቀድለትም።

«ኢኔብል» ተጽፎ የይለፍ ቃሉ ሲገባ ፕሮምፕቱ ወደ «ራውተር#» ይለወጣል። ፕሪቪሌጅ ሞድ ይህ ነው። የጥያቄ ምልክት ቢጫኑ በዩዘር ሞድ አጭር የነበረው የትእዛዝ ዝርዝር አሁን ረዝሞ ይመጣል። ኮንፊገሬሽኑ በሙሉ ይነበባል፣ ፋይል ይገለበጣል፣ ይሰረዛል፣ መሣሪያው እንደገና ይነሳል።

ብዙ ጀማሪዎች እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ እምነት ይይዛሉ። ቅንብሩ ወደሚለወጥበት ወደ ኮንፊግ ሞድ እስካልገባሁ ድረስ ጉዳት ላደርስ አልችልም ይላሉ። ይህ እውነት አይደለም። «ዲበግ ኦል» የሚባለው ትእዛዝ አንድም የኮንፊገሬሽን መስመር አይነካም፤ ነገር ግን መሣሪያው የሚሠራውን እያንዳንዱን ነገር በስክሪን ላይ እንዲዘግብ ስለሚያስገድደው፣ ሥራ የበዛበትን ራውተር ፕሮሰሰር አጨናንቆ ጭራሽ መልስ እንዳይሰጥ ሊያደርገው ይችላል። የተቀመጠውን ኮንፊገሬሽን የሚያጠፋው ትእዛዝም የሚጻፈው በዚሁ በ«#» ምልክት ፊት ነው።

በሁለቱም ሞዶች ላይ ጀማሪን የሚያስደነግጥ ሌላ ጠባይ አለ። አንድ ቃል በስህተት ሲጻፍ መሣሪያው ቃሉን የሌላ ኮምፒዩተር ስም አድርጎ ይወስደውና ያንን ስም ፍለጋ ይነሳል። ፍለጋው እስኪያበቃ ስክሪኑ ደርቆ ይቆማል፤ ተማሪው መሣሪያው የተበላሸ ይመስለዋል። «ኮንትሮል»፣ «ሺፍት»ና «6» አንድ ላይ ሲጫኑ ፍለጋው ይቋረጣል። ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች አዲስ መሣሪያ ሲያዘጋጁ ይህን የስም ፍለጋ አስቀድመው የሚያጠፉት ለዚህ ነው።

«ኢንተር» ሲጫን

ከፕሪቪሌጅ ሞድ ላይ «ኮንፊገር ተርሚናል» ሲጻፍ ፕሮምፕቱ «ራውተር(ኮንፊግ)#» ይሆናል። ከዚህ በኋላ መለወጥ ተጀምሯል። ይህ ግሎባል ኮንፊግ ሞድ ሲሆን የመሣሪያውን ጠቅላላ ጠባይ የሚመለከቱ ትእዛዞች ይጻፉበታል። ከሥሩ ደግሞ ሌሎች ሞዶች አሉ፤ ለአንድ ፖርት የሚሆነው ኢንተርፌስ ሞድ፣ ለመግቢያ መስመሮች የሚሆነው ላይን ሞድ፣ መንገድ ለሚመርጡ ፕሮቶኮሎች የሚሆነው ራውተር ሞድ፣ አንድን ስዊች ወደተለያዩ ኔትወርኮች ለሚከፍሉት ቪላኖች የሚሆነው ቪላን ሞድ። «ኤግዚት» አንድ ደረጃ ይመልሳል፤ «ኢንድ» በቀጥታ ወደ «#» ያደርሳል።

በተለመደው የሲስኮ ሶፍትዌር፣ በአይኦኤስ፣ ኮንፊግ ሞድ ላይ የተጻፈ ትእዛዝ «ኢንተር» እንደተጫነ ወዲያው ሥራ ላይ ይውላል። መሣሪያው እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ አይጠይቅም። የሚታረም ረቂቅ የለም፣ የሚጸድቅበት ጊዜም የለም።

አደጋውን የሚያከብደው ደግሞ የፕሮምፕቱ አነጋገር ነው። በኢንተርፌስ ሞድ ላይ ሲስኮ የሚያሳየው ባለሙያው በአንድ ፖርት ውስጥ መሆኑን ብቻ ነው፤ የትኛው ፖርት እንደሆነ አይናገርም። ባለሙያው በ24 ፖርት ስዊች ላይ ሦስተኛውን ሊዘጋ ፈልጎ፣ ቀደም ሲል የገባበት ዋናው የመገናኛ ፖርት መሆኑን ዘንግቶ «ሻትዳውን» ቢጽፍ፣ ፖርቱ በዚያው ቅጽበት ይዘጋል። ባለሙያው በርቀት ሆኖ በዚያው ፖርት በኩል የመጣ ከሆነ የራሱን መንገድ ቆርጧል ማለት ነው። ለመክፈት መመለስ አይችልም። መሣሪያው ያለበት ድረስ መኪና አስነስቶ መሄድ ሊኖርበት ነው።

ከዚህም የረቀቀ ስህተት አለ፤ በሙያው ውስጥ የቆየ ሰው ሁሉ ወይ ፈጽሞታል ወይ ሲፈጸም አይቷል። ሁለት ስዊቾችን በሚያገናኝ፣ ትራንክ በሚባል የጋራ መስመር ላይ ቪላን 10 እና 20 ያልፋሉ እንበል። ቪላን 30ም እንዲያልፍ ተፈለገ። ባለሙያው የሚፈቀዱትን ቪላኖች የሚወስነውን ትእዛዝ ጽፎ በመጨረሻው 30 ይላል። መጨመሩ ነበር ሐሳቡ። ስዊቹ ግን ትእዛዙን የሚረዳው ከዛሬ ጀምሮ የሚያልፈው 30 ብቻ ነው በሚል ነው። ከቁጥሩ በፊት «አድ» የሚለው ቃል መግባት ነበረበት። በዚያች አንዲት ቃል ጉድለት በቪላን 10 እና 20 ያሉት ሁሉ፣ ፎቅ ሙሉ ሠራተኛም ሊሆን ይችላል፣ ባንድ ጊዜ ከኔትወርክ ይወጣሉ።

አይኦኤስ ለዚህ ሁሉ አንድ መሸሸጊያ ትቷል። አሁን እየተሠራበት ያለው ኮንፊገሬሽን በጊዜያዊው ማህደረ ትውስታ ውስጥ ያለው «ራኒንግ ኮንፊግ» ነው። መሣሪያው ሲነሳ የሚያነበው ደግሞ ኃይል ቢጠፋም የማይጠፋው «ስታርትአፕ ኮንፊግ» ነው። ባለሙያው ካላስቀመጠው በቀር አዲሱ ለውጥ ወደ ሁለተኛው አይተላለፍም። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ በርቀት ከባድ ለውጥ ከመጀመሩ በፊት መሣሪያው ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱን እንዲያስነሳ ያዝዘዋል። ለውጡ መንገዱን ከቆረጠበት ይጠብቃል፤ መሣሪያው ተነስቶ ወደ ቀድሞው ኮንፊገሬሽን ይመለሳል። ሁሉም ደህና ከሆነ ቀጠሮውን ይሰርዝና ለውጡን ያስቀምጣል።

ይኸው አሠራር በሌላ በኩል ይጎዳል። በደንብ የሠራውን ለውጥ ሳያስቀምጥ ወደ ቤቱ የሄደ ባለሙያ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ የቀኑ ሥራው በሙሉ ጠፍቶ ይጠብቀዋል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ በየጊዜው የሚደርስ ጉዳት ነው።

ሌሎቹ እንዴት አደረጉት

እ.ኤ.አ. በ1996 የተመሠረተው ጁኒፐር መንገዱን በሌላ መልክ ሠራው። በጁኒፐር መሣሪያ ላይ ሁለት ዋና ሞዶች አሉ፤ መመልከቻው ኦፕሬሽናል ሞድና መለወጫው ኮንፊገሬሽን ሞድ። በሁለተኛው ውስጥ የሚጻፈው ሁሉ ግን ረቂቅ ነው። ባለሙያው ጽፎ፣ ከነባሩ ጋር አነጻጽሮ፣ ስህተት እንደሌለው አስፈትሾ፣ በመጨረሻ «ኮሚት» ሲል ብቻ ሥራ ላይ ይውላል። «ኮሚት ኮንፈርምድ» ካለ ደግሞ መሣሪያው ለውጡን ተግብሮ ማረጋገጫ ይጠብቃል። በተለመደው አሠራር 10 ደቂቃ ውስጥ ማረጋገጫ ካልመጣ ራሱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። የቀድሞ ኮንፊገሬሽኖችም በቁጥር ተለይተው ስለሚቀመጡ ወደፈለጉት መመለስ ይቻላል። ሲስኮም ለትላልቅ የቴሌኮም ራውተሮች በሠራው አይኦኤስ ኤክስአር ላይ ይህንኑ ረቂቅና ኮሚት አስገብቷል።

ሁዋዌ ደረጃዎቹን «ቪው» ይላቸዋል። በዩዘር ቪው ላይ የመሣሪያው ስም በ«<>» ውስጥ ይታያል፤ «ሲስተም ቪው» ሲገቡ ወደ «[]» ይለወጣል። ፖርት ውስጥ ሲገቡ የፖርቱ ስምና ቁጥር ራሱ በፕሮምፕቱ ላይ ይጻፋል። የተሳሳተ ፖርት የመዝጋት አደጋ በዚህ ይቀንሳል። ለማየት በሲስኮ «ሾው» የሚባለው በሁዋዌ «ዲስፕሌይ» ነው፤ ትእዛዝን ለመሻር «ኖ» የሚባለው «አንዱ» ነው። ይህ ለኢትዮጵያ ባለሙያ ተራ ጉዳይ አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም እ.ኤ.አ. በ2013 ከሁዋዌና ከዜድቲኢ ጋር በድምሩ 1.6 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ የማስፋፊያ ውል ተፈራርሟል። በሲስኮ አካዳሚ ተምሮ በ«ፓኬት ትሬሰር» የማስመሰያ ፕሮግራም የተለማመደ ወጣት ሥራ ሲይዝ የሚጠብቀው መሣሪያ ሌላ ሊሆን ይችላል። ቃላቱ ቢለዩም ሞዶቹ ግን አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው የሚጠይቁት፦ እያየህ ነው ወይስ እየለወጥክ?

በአነስተኛ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ዘንድ የሚወደደው የላትቪያው ማይክሮቲክ ደግሞ እንዲህ ያለ የሞድ አጥር የለውም። ማየቱም መለወጡም በአንድ ቦታ ይከናወናል፤ ሥልጣን የሚለየው በተጠቃሚው አካውንት ነው። በምትኩ «ሴፍ ሞድ» አለው። «ኮንትሮል»ና «ኤክስ» ተጭኖ ከተከፈተ በኋላ የባለሙያው ግንኙነት በድንገት ቢቋረጥ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የተደረጉ ለውጦች ወደነበሩበት ይመለሳሉ።

በሩን የሚጠብቀው

ሲስኮ ከ«>» እና ከ«#» በስተኋላ 16 የሥልጣን ደረጃዎች አሉት፤ ከ0 እስከ 15። ዩዘር ሞድ ደረጃ 1 ነው፤ ሙሉ ሥልጣን ያለው ፕሪቪሌጅ ሞድ ደረጃ 15 ነው። መካከል ያሉትን ድርጅቱ እንደፍላጎቱ ሊሞላቸው ይችላል። ለምሳሌ የእርዳታ ዴስክ ሠራተኛ የአንድን ፖርት ሁኔታ እንዲያይና ፖርቱን ዘግቶ እንዲከፍት ብቻ ሊፈቀድለት ይችላል። ትላልቅ ድርጅቶች ማን ምን ማዘዝ እንደሚችል በማዕከላዊ ሰርቨር ላይ ይወስናሉ፤ ማን መቼ ምን እንደጻፈም በዚያው ይመዘገባል።

ከዩዘር ወደ ፕሪቪሌጅ የሚያሻግረው የይለፍ ቃል አቀማመጥ ግን የብዙ መሣሪያዎች ደካማ ጎን ነው። «ኢኔብል ፓስወርድ» በሚባለው አሮጌ መንገድ የተቀመጠ ቃል በኮንፊገሬሽኑ ውስጥ እንዳለ ይነበባል። ይህን ለመሸፈን የሚታከልበት ዓይነት 7 የሚባለው ምስጠራ፣ አንድ ሰው ከትከሻ በላይ አሻግሮ እንዳያነብ ከመከልከል ያለፈ ጥቅም የለውም፤ በኢንተርኔት ላይ በሞሉ መፍቻዎች በሰከንድ ይገለጣል። «ኢኔብል ሲክሬት» ከዚህ የተሻለ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ባወጣው መመሪያ ከሲስኮ የይለፍ ቃል ዓይነቶች መካከል ዓይነት 8ን መክሯል።

የመግቢያ መስመሮቹም እንደዚያው ናቸው። በርቀት የሚመጣ ሰው የሚገባው «ቪቲዋይ» በሚባሉ መስመሮች ነው። በብዙ የሲስኮ ስዊቾች ላይ እነዚህ ከ0 እስከ 15 ይደርሳሉ፤ በኮንፊገሬሽኑ ላይ ግን ከ0 እስከ 4 እና ከ5 እስከ 15 በሚል ለሁለት ተከፍለው ይታያሉ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ብቻ አጥብቆ ቀሪዎቹን የረሳ ባለሙያ ሥራውን አልጨረሰም። ቴልኔት በሚባለው አሮጌ የርቀት መግቢያ የሚገባ ሰው የሚጽፈው ሁሉ፣ የይለፍ ቃሉም ጭምር፣ ሳይመሰጠር በኔትወርኩ ላይ ያልፋል፤ ስለዚህ የሚመሰጥረው ኤስኤስኤች ብቻ እንዲፈቀድ ማድረግ ግዴታ ሊሆን ይገባል። ሥራ ሳይሠራ የተቀመጠ ግንኙነት በተለመደው አሠራር ከ10 ደቂቃ በኋላ ይዘጋል። ይህ መቋረጥ አሰልቺ ሆኖባቸው ጊዜውን ዜሮ የሚያደርጉ አሉ። ያኔ የ«#» ምልክት የታየበት ኮንሶል ቀጥሎ ለሚመጣው ለማንም ሰው ክፍት ሆኖ ይቀራል።

በሩ በትእዛዝ መስመሩ በኩል ቢታጠርም በጎን በኩል ሊከፈት እንደሚችል ዓለም ደጋግሞ አይቷል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 ሰርጎ ገቦች የሲስኮ ስዊቾችን በቀላሉ ለመትከል የተሠራውን «ስማርት ኢንስቶል» የተባለ አገልግሎት ተጠቅመው፣ የይለፍ ቃል ሳይጠየቁ የመሣሪያዎችን ኮንፊገሬሽን ደመሰሱ፤ በቦታውም የአሜሪካን ባንዲራ ቅርጽና በምርጫችን ጣልቃ አትግቡ የሚል መልእክት ተዉ። ከተጎዱት አገሮች አንዷ ኢራን ነበረች፤ ባለሥልጣኖቿ 3,500 ያህል ስዊቾች መመታታቸውን ተናግረዋል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ደግሞ በሌላው የሲስኮ ሶፍትዌር፣ በአይኦኤስ ኤክስኢ፣ የድረ ገጽ መቆጣጠሪያ ላይ ክፍተት ተገኘ። የክብደት መለኪያው 10 ከ10 ነበር። አጥቂው ምንም የይለፍ ቃል ሳይኖረው በመሣሪያው ላይ የደረጃ 15 አካውንት መክፈት ይችል ነበር፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ መሣሪያዎችም ተጠቅተዋል። ሲስኮ መጀመሪያ የሰጠው ምክር ለኢንተርኔት በተጋለጡ መሣሪያዎች ላይ የድረ ገጽ አገልግሎቱን ማጥፋት ነበር።

ከሁሉም ሞዶች በታች «ሮሞን» አለ። መሣሪያው ሲነሳ ተገቢው ቁልፍ ከተጫነ ዋናው ሶፍትዌር ሳይጫን የሚመጣ ትንሽ የትእዛዝ ቦታ ነው። በብዙ የሲስኮ ራውተሮች ላይ እዚያ ገብቶ የማስነሻ መቆጣጠሪያ ቁጥሩን ከ2102 ወደ 2142 የቀየረ ሰው፣ ራውተሩ የተቀመጠውን ኮንፊገሬሽን ሳያነብ እንዲነሳ ያደርገዋል፤ የይለፍ ቃሉም አብሮ ይታለፋል። የተሠራው ቃሉን የረሳ ባለቤት መሣሪያውን እንዳያጣ ነው። ለሌባም እኩል ያገለግላል። የሰርቨር ክፍሉ ቁልፍ የኔትወርክ ጥበቃ አካል የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መሣሪያው ዘንድ በአካል መድረስ ምን ያህል እንደሚፈለግ ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 4 ቀን 2021 አሳይቷል። በመደበኛ ጥገና ላይ የዋናውን መስመር አቅም ለመገምገም የተሰጠ አንድ ትእዛዝ የድርጅቱን የመረጃ ማዕከላት ግንኙነት በሙሉ አወረደው። እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ማስቆም የነበረበት መፈተሻ ፕሮግራም ራሱ ስህተት ስለነበረበት አላስቆመውም። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለ6 ሰዓት ያህል ጠፉ። የርቀት መንገዱ ስለተቆረጠ ባለሙያዎች ወደ ማዕከላቱ በአካል መሄድ ነበረባቸው፤ በጥብቅ የሚጠበቁትን ሕንጻዎች ማለፍና በውስጣቸው ያሉትን መሣሪያዎች መድረስም ተጨማሪ ጊዜ ወሰደ።

እንግዲህ ይህን ሙያ የያዘ ወይም ሊይዝ ያሰበ አንባቢ ከዛሬ ጀምሮ ጥቂት ልማዶችን ይያዝ። «ኢንተር» ከመጫኑ በፊት የፕሮምፕቱን ስምና ምልክት ያንብብ። ለማየት ብቻ ከመጣ በ«>» ላይ ይቆይ። ወደ ፖርት ሲገባ ቁጥሩን ድምፅ አውጥቶ ይበል፤ ሲስኮ አያስታውሰውምና። በርቀት ከባድ ለውጥ ሲያደርግ የመመለሻ ቀጠሮ አስቀድሞ ይያዝ፤ የሠራው ሲሳካም ያስቀምጥ። ሥራውን ሲጨርስ ከኮንፊግ ሞድ ወጥቶ ግንኙነቱን ዘግቶ ይነሳ። በዚያ መሣሪያ በኩል የሚያልፈው የአንድ ባንክ ክፍያ ወይም የአንድ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ውጤት ነው፤ ባለቤቶቹም የትኛው ሞድ ላይ እንዳለ ሊያዩለት አይችሉም።